ሰው በማይኖርበት ቦታ ሁለት አዳር

ከመሥሪያ ቤታችን ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ የሄደ ሰው አልነበረም። ስለ ሰሜን ጎንደር ደጋ ግን አንድ ወፍራም ጥናት ጽፈናል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ ሲሆን፣ የምጽፈውም ከወንበራቸው ሳይነሱ አገር ለሚያጠኑ ባልደረቦቼ ነው። ወንበሩ እንደሚመች አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመት ተቀምጬበታለሁ።

ሥራዬ የጭስን መንገድ መተንበይ ነው። አንድ ቦታ ፋብሪካ ሊተከል ሲታሰብ የጭስ ማውጫውን ቁመት፣ የጭሱን መጠንና ሙቀት፣ የአካባቢውን ንፋስ፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ለኮምፒውተር እነግረዋለሁ። እሱም ጭሱ የት እንደሚሳሳና የት እንደሚከማች አስልቶ ባለቀለም ካርታ ይሰጠኛል። ካርታው አረንጓዴ ከሆነ ሁሉም ይደሰታል። ቢጫ ከሆነ ስብሰባ ይጠራል። ቀይ ከሆነ የምጠራው እኔ ነኝ።

የዚህ ጥናት ጉዳይ የአስፋልት ማምረቻ ነበር፤ ጠጠር አግሎ ከሬንጅ ጋር የሚያቦካ፣ ለመንገድ ጥገና የሚሆን። የሚተከልበት ቦታ ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ፣ ዳባት ከመድረሱ በፊት ነው። በጥናታችን ውስጥ «ቦታ ሁለት» ይባላል። ካርታው ያማረ አረንጓዴ ወጣለት። ጭሱ ከማውጫው ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይንሳፈፍና «ሰው በማይኖርበት መሬት» ላይ ሳስቶ ይጠፋል።

ሁለት ነገር ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አንደኛ፣ በቦታው የተለካ ንፋስ ስላልነበረኝ አዘዞ ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ ንፋስ ተውሻለሁ። ሁለተኛ፣ የመሬቱን ከፍታ የያዘውን ፋይል ሳወርድ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሶፍትዌሩ «መሬቱ ሜዳ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰዓቱ ከሥራ መውጫ ላይ ነበርና «አዎ» የሚለውን ተጫንኩት። ያን ያህል ተራራ በአንድ ጣት የናደ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ሰኞ

የተላክሁበት ምክንያት ሕዝብ ማወያየት ነው። ያለ ውይይት ፈቃድ አይሰጥም። አለቃዬ መመሪያውን በሦስት ቃል ጨረሰው፤ «አሳይ፣ አስፈርም፣ ተመለስ።» የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ መስክ የሚወጣ ሁሉ መሣሪያ መያዝ አለበት ብሎ፣ ከተገዛ ጀምሮ ከካርቶኑ ያልወጣ በእጅ የሚያዝ የንፋስ መለኪያ አስፈርሞ ሰጠኝ። ሦስት ትንንሽ ኩባያዎች አሉት፤ ንፋስ ሲመጣ ይሽከረከራሉ።

አዘዞ ከአውሮፕላን ስወርድ ንፋሱ ፊቴን መታኝ። አወቅኩት። ለሰባት ዓመት እንጀራ ያበላኝ ይኼው ንፋስ ነበር። ለደብረ ብርሃንም፣ ለወልድያም፣ አንድ ጊዜማ ለአፋር ተውሼዋለሁ።

የተከራየልኝ ፒክአፕ ሾፌር ፈንታ ይባላል። የጎንደር ልጅ ነው፤ ሽበት ጀምሮታል፤ ሳቅ አያውቅም፣ ሰው ግን ያስቃል።

«ኢንጂነር፣ እንኳን ደኅና መጣህ» አለኝ።

«ኢንጂነር አይደለሁም። ያጠናሁት ፊዚክስ ነው።»

«ወረቀቱ ኢንጂነር ነው የሚለው። ምነው፣ ወረቀት እናሳስት?»

ከዚያ ወዲያ እስክመለስ ድረስ ኢንጂነር ሆኜ ቆየሁ።

ያደርኩት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሆቴል ነው። ከመስኮቴ የግንቡ ጫፍ ይታያል፤ ውሃ ግን አይታይም። አዲስ አበባ እኔ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ የሚያዝንልን የለም። እዚህ እንግዳ ተቀባይዋ ዘውዲቱ ወንዙን ራሷ ያደረቀችው ይመስል አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠይቃኝ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። ታኅሣሥ ነበርና ጾም ነው። በልቼ የተኛሁት ከቤቴ የተሻለ በያይነቱ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ወለቃን ስናልፍ ከመንገዱ ዳር ሸክላ ሠሪዎች ሸክላ እየተኮሱ ነበር። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከዛፎቹ ጫፍ ትንሽ ከፍ እንዳለ ጣራ እንደነካው ሁሉ ታጥፎ ይተኛል። አስቆምኩና ፎቶ አነሳሁ። ያማረ ፎቶ ነው። ጭስ አጥኚው እኔ ለምን እንደታጠፈ ግን አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ አንድ ኬላ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ጎልማሳ ሚሊሻ ነው። ከቦርሳዬ ባለ ሦስት ኩባያውን መሣሪያ አወጣና አገላበጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የንፋስ መለኪያ ነው።»

«ንፋስ በስፍር ይሰፈራል እንዴ?»

«ፍጥነቱን ነው የሚለካው። እፍ ይበሉበት።»

እፍ አለበት። ኩባያዎቹ ተሽከረከሩ፤ ቁጥር ወጣ። «ስንት ሆንኩ?» አለ ደስ ብሎት። ነገርኩት። ባልደረባውን ጠርቶ አስነፋው፤ ባልደረባው በለጠው። ከኋላችን ከቆመው ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ወርደው ተሰለፉ። አንድ ቄስ ከሁሉም በለጡና «የቅዳሴ ትንፋሽ ነው!» ተብሎ ተጨበጨበ። መሣሪያው ከተገዛ ጀምሮ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ፍተሻ እንዲህ አያስቅም። አንድ ሰዓት ብናጠፋም ማንም አልተቆጣ።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ወደ ጥርጊያው መንገድ እንደገባን የፊት ጎማችን ፈነዳ። ፈንታ መለዋወጫውን አወረደና በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«ይኼም ትንፋሽ የለው» አለ።

ሁለቱንም ጎማ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሊያስጠግን ዳባት ሄደ። እኔ ቦርሳዬን አንግቤ ቁልቁል ወረድኩ። ከአንድ ጎድጓዳ አፋፍ ላይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ቦታ ሁለት የሚባለው በየት በኩል ነው?»

«ቦታ ሁለት?» አሉ አሰብ አድርገው። «እኛ ያለን ቦታ አንድ ነው ልጄ። ጉም ማደሪያ ይባላል።»

ስልኬን አውጥቼ ካለሁበት ነጥብ ጋር ካርታዬን አስተያየሁ። የቆምኩት ጥናቱ «ሰው የማይኖርበት» ካለው መሬት ጫፍ ላይ ነበር። ከእግሬ በታች ጎድጓዳው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው የቆርቆሮና የሣር ቤት፣ የገብስ ክምር፣ ከብት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ደግሞ የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች ተደርድረዋል። የጣቶቼ ብዛት ለቤቶቹ ቆጠራ አልበቃም። ቢሮ ውስጥ ያየሁት የሳተላይት ፎቶ እዚህ ላይ ነጭ ነበር። እኔም «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። ነጩ ጉም ኖሯል።

ሽማግሌው የዜማ መምህሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። «ማኪናህ እስኪመጣ ሜዳ ላይ ስትንከራተት አናይህም» ብለው ቤታቸው አስገቡኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ማንነቴን ሳይጠይቁ በሞቀ ውሃ እግሬን አጠቡኝ። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ስለ መብራት ቆጣሪ ብቻ ነው።

የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበልኝ። እየበላሁ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ላፕቶፑን ከፍቼ ካርታውንም አሳየኋቸው።

«እኛስ የት ነን?» አሉ የኔታ።

«እናንተ...» አልኩና በጣቴ ካርታው ላይ ፈለግኩ። «በሙያችን ጭሱ የሚደርስበት ሰው ተቀባይ ይባላል። እዚህ ካርታ ላይ ተቀባይ አልተመዘገበም።»

የኔታ ሳቁ። «እኛ ዘንድ ተቀባይ ማለት መሪው ሲያዜም ከሥር የሚቀበል ነው። ለመሆኑ ይህን ጭስ ማን መራውና ነው እኛ የምንቀበለው?»

ድንቹን ጎረስኩ።

ረቡዕ

በዜማ ነቃሁ። ተማሪዎቹ ገና ሳይነጋ ጀምረዋል። ስወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጎድጓዳው በጉም ተሞልቷል። ከየቤቱ የሚወጣው የምድጃ ጭስ ከጣራው ከፍ ይልና እንደ ትላንትናው የወለቃ ጭስ ታጥፎ ይተኛል። አይበተንም፣ አይሄድም። የንፋስ መለኪያውን አወጣሁ። ኩባያዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው የኔታን።

«በበጋ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው። ብርዱ ሌሊቱን ከላይ ይወርድና እዚህ ያድራል። ፀሐይ ስትበረታ፣ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ይነሳል። ስሙ እኮ ጉም ማደሪያ ነው።»

ነገሩ ለእኔም አዲስ አልነበረም፤ ተማሪ ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል። ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። በዚያ መሃል የገባ ጭስ መውጫ የለውም። ማምረቻው የሚተከለው ደግሞ ልክ ከመንደሩ በላይ፣ ከአፋፉ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ጎድጓዳውን ሜዳ አድርጌዋለሁ። የቦታውን ስም ብቻ ጠይቄ ቢሆን ኮምፒውተርም ባላስፈለገኝ።

አራት ሰዓት ላይ የተቋራጩ ወኪል ኢንጂነር ሳምሶን ከዳባት ደረሰ። ጎማችንን ያስጠገነው ፈንታም ተከትሎት መጣ። ሳምሶን ጥቁር መነጽር፣ የጣት አሻራ ቀለምና አስቀድሞ የተተየበ ቃለ ጉባኤ ይዟል። ቃለ ጉባኤው «ኅብረተሰቡ በከፍተኛ ደስታ ተቀብሎታል» ይላል። ስብሰባው ገና አልተጀመረም።

ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ፕሮጀክተር ይዤ ነበር፤ መብራት ግን የለም። ስለዚህ ላፕቶፑን ታቅፌ በረድፍ በረድፉ እየዞርኩ አሳየሁ። አንዲት ሴት አረንጓዴውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይቺ አረንጓዴ የእኛ ማሳ ናት?»

«አዎ፣ በዚያ በኩል...»

«ገብሳችንን ካጨድን ሰነበትን እኮ! አሁን የምን አረንጓዴ አለ?»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መለሱላቸው። «የመጪው ዓመት ነው የታየው። አረንጓዴ ከሆነ ሸጋ ነው!» ጉርምርምታው ወደ ደስታ ተለወጠ። ሳምሶን በፍጥነት የቀለሙን ክዳን ከፈተና «እንግዲህ የኔታ ይጀምሩልን» አለ።

የኔታ ወደ ቀለሙ አልሄዱም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼን የሠራኸው አንተ ነህ። አንተ ራስህ ታምነዋለህ?»

ሰው ሁሉ አየኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም፤ አለቃዬም፣ ፈቃድ ሰጪውም፣ እኔም ራሴን። «ሞዴል ግምት ነው፤ ከተወሰነ የስህተት መጠን ጋር...» ብዬ ጀመርኩና ላፕቶፑን ከደንኩት።

«ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ሳላይ ነው የሠራሁት» አልኩ። «አንድ ቀን ስጡኝ። በጭስ እንሞክረው።»

ሳምሶን ሳቀ። «ለምን አንድ ቀን? አሁኑኑ ሞክር!»

ወጣን። ማምረቻው የሚተከልበት አፋፍ ላይ እርጥብ ገለባና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምረን ለኮስን። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ አቃጥላለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ወደ ምዕራብ ዞረ፣ ከመንደሩ በላይ በላዩ አልፎ ጠፋ። ቁርጥ እንደ ካርታዬ! ሳምሶን አጨበጨበ። አፈርኩ እንዳልል ካርታዬ ልክ ወጥቷል፤ ደስ አለኝ እንዳልል ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ወደ ቀለሙ መጠጋት ጀመረ።

ያኔ ፈንታ ከማኪናው ላይ ተደግፎ እንደቆመ፣ ለወሬ ያህል ይመስል፣ «ኢንጂነር ሳምሶን፣ ሬንጁ የሚለኮሰው በስንት ሰዓት ነው?» አለ። ቀድሞ አስፋልት ያመላልስ ነበር አሉ።

«ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» አለ ሳምሶን ሳያስበው። «ከረፋዱ በፊት ተጓጉዞ መነጠፍ አለበታ።»

የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉና «እንግዲያው ጠዋት እናየዋለን» አሉ። ሳምሶን ቀለሙን ከድኖ ወደ ዳባት ሄደ። እኔና ፈንታ እነ ወይዘሮ ስንዱ ቤት አደርን። ፈንታ መደብ ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ያ የቄሱ ትንፋሽ ትዝ አለኝ፤ ልለካው ነበር።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ ነበርን። የመንደሩ ግማሽ አብሮን ወጥቷል። ያንኑ ገለባና ያንኑ ቅጠል በሦስት ቦታ ለኮስን።

ጭሱ አንድ ክንድ ያህል ወጣ። ቆመ። ከዚያ ዞሮ፣ ከአፋፉ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አልቸኮለም። መጀመሪያ የገብስ ክምሮቹን ዋጠ፣ ቀጥሎ የላይኞቹን ቤቶች፣ ከዚያ የተማሪዎቹን ጎጆዎች። ከታች የሚሰማው ዜማ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ድምፅ እየቀነሰ ሄደና ሳል ብቻ ቀረ። የንፋስ መለኪያው ዜሮ ይላል። መሣሪያው እስከዚያ ቀን ካሳየው ሁሉ የከበደኝ ቁጥር ያ ነው።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ታች አዩ። «የዜማ ተማሪ ብራናው ጉሮሮው ነው» አሉ። «እኔ ከዚህ ጎድጓዳ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ንፋስ ስለማይገባበት ነበር። ድምፅ ያምራል። ለካ ለድምፅ የሚያምር ቦታ ለጭስም ያምራል።»

እሳቱን አጥፍተን ስንወርድ ሳምሶን ደረሰ። የማኪናውን መስኮት ዘግቶ መንደሩ መሃል ገብቶ ኖሮ በጭሱ መውጫው ጠፍቶት ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሯል። ሲወርድ ዓይኑ ቀልቷል።

«ገለባና ሬንጅ አንድ አይደለም» አለ።

«እውነትህን ነው» አሉ የኔታ። «ገለባን ከብት ይበላዋል። ሬንጅን ማን ይበላዋል?»

ስንሰናበት ወይዘሮ ስንዱ ቆሎ ቋጠሩልኝ፤ እኔም ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ በማግስቱ ጎንደር እንደሚሰበሰብ ለየኔታ ነገርኳቸው። ከሰዓት ጎንደር ገባንና ከሆቴሉ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርኩ። የከፍታው ፋይል አሁንም አልወርድ አለ። ዘውዲቱ ነገሩን ስትሰማ ምግብ ቤቱ ውስጥ ኳስ የሚያዩትን እንግዶች «ስልካችሁን ከኢንተርኔቱ አውጡ፤ ኢንጂነሩ ተራራ እያወረዱ ነው» አለቻቸው። ሁሉም አወጡ። ተራራው ወረደ።

የጠዋቱን ዜሮ ንፋስ፣ የጎድጓዳውን ቅርጽ፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። ካርታው ወጣ። ጉም ማደሪያ ደም መስሏል።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ረጋ ብሎ ሰማኝና «ቀዩን ቢጫ ማድረግ አይቻልም?» አለ።

«ቁጥሩን ልለውጥ?»

«ኧረ በፍጹም! ቁጥር መለወጥ ወንጀል ነው። ቀለሙን ነው ያልኩህ። ቀይ ከየት ቁጥር እንደሚጀምር የምትወስነው አንተ አይደለህ?»

ይህን ብልሃት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ አድርጌዋለሁ። የዚያን ቦታ ስም እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

«አይቻልም» አልኩ።

«እንግዲያው ነገ ስብሰባው ላይ ምንም አትናገር። አሮጌውን አሳይ» ብሎ ዘጋው።

ዓርብ

ስብሰባው ጎንደር ውስጥ፣ ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ካለበት አዳራሽ ነው። ገና ስገባ የኔታን አየኋቸው። ከአራት የመንደሩ ሰዎች ጋር በጨለማ ተነስተው እስከ ዋናው መንገድ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ መጥተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ባይመጡ ኖሮ እናገር እንደሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን አሳየሁ። «አረንጓዴው ስህተት ነው» አልኩ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ንፋሱ የአዘዞ ነው፤ ተራራውን ሜዳ ብዬዋለሁ፤ ሰው የለም ያልኩት ቦታ ላይ ደግሞ እነሆ፣ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።»

ሰብሳቢው የአጀንዳውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ጥናት ማጽደቅ የሚል አጀንዳ ነው የያዝነው» አሉ። «ጥናት ስህተት ነው የሚል አጀንዳ የለም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ ጸሐፊው።

ተመካከሩ። «በልዩ ልዩ ይታይ» ተባለ። ስለዚህ የሻይ ሰዓት ማሻሻያና የጽሕፈት መሣሪያ እጥረት ከታየ በኋላ ጉም ማደሪያ በልዩ ልዩ ሥር ታየ። ሰብሳቢው ሳምሶንን «እርስዎ በቦታው ነበሩ። እንዲህ ያለ ጭስ አይተዋል?» አሉት።

አያምንም ብዬ ጠብቄ ነበር። ሳምሶን መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑ ገና አልነጣም። «አይቻለሁ» አለና ተቀመጠ።

ውሳኔው ማምረቻው ከአፋፉ ተነስቶ ከፍ ብሎ ባለው ተረተር ላይ እንዲጠና ሆነ። በር ላይ የኔታ ግንባሬን ስመው መረቁኝና «ካርታህ አሁን ሰው አለበት» አሉኝ። ከዚያ አምስቱንም ፈንታ በማኪናው ጭኖ ወሰዳቸው፤ ኪራዩ እስከ ማታ የተከፈለ ነው ብሎ።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

ተመለስኩ። አለቃዬ አልተቆጣም፤ «ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሃል» ብሎ ወደ ማኅደር ክፍል አዛወረኝ። ወንበሬ ላይ ሌላ ባልደረባ ተቀመጠ። በአንድ ወር ውስጥ የተረተሩ ጥናት ተሠርቶ ለማኅደር እኔ ጋ መጣ። አረንጓዴ ነው። ከፍታውና ዝቅታው በትክክል ገብቷል፤ ይህንን መስክሬለታለሁ። ከተረተሩ ወዲያ ያለው መሬት ግን ነጭ ነው፤ «ሰው የማይኖርበት» ይላል።

ስልኩን አንስቼ የኔታ ጋ ደወልኩ።

«ከተረተሩ ወዲያ ማን አለ?»

«ሦስት ቤት አለ» አሉ። «ምነው፣ ከእነሱ ጋር አልተነጋገራችሁም?»

የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። ፈንታ አዘዞ ተቀበለኝ። በዚህ ጊዜ ጎማው ሁሉ ትንፋሽ ነበረው። ከሦስቱ ቤቶች በአንዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ቤት አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ተረተሩ ላይ ገለባ ለኮስኩና ሮጬ ወርጄ ከደጃፋቸው ቆምኩ። የንፋስ መለኪያው ኩባያዎች ቀስ ብለው ዞሩ። ጭሱ ከጣራቸው በላይ አልፎ፣ ሳይወርድ፣ ወደ ገደሉ ሄዶ ተበተነ። በማግስቱም ደገምኩት፤ በሦስተኛውም ቀን። ሦስቱንም ቀን ቤቶቹን ሳይነካ አለፈ። ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ቤቶቹንም ጻፍኩ።

አሮጊቷ ሦስቱንም ጠዋት በራፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንዴ ጭሱን አንዴ እኔን ሲያዩ ቆይተዋል።

«ይኼን ለማየት ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማማ።»

በሐዘኔታ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አዲስ አበባ ጭስ ጠፋ?»